ጭስ የሌላት ፒፓ

የሰኔው የመታሰቢያ ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ካናዳ ውስጥ ኬፕ ብሬተን ደሴት ላይ ባለች አንዲት የከሰል ከተማ፣ ፖስታ ቤት በር ላይ ሁለት ዘመዳሞች ሳያስቡት ተገናኙ። አንዱ ትንሽ ካርቶን በብብታቸው የሸጎጡት የሰባ ሦስት ዓመቱ ሽማግሌ ራናልድ ማክኢሳክ ናቸው። ሌላዋ የሟች ወንድማቸው የሮሪ የልጅ ልጅ፣ የሳንባ ክሊኒክ ነርሷ ካትሪዮና ናት። ራናልድ «ደህና ነሽ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳል ነው። ካርቶኑ ወደቀ። በሩን ተደግፈው እስኪበቃቸው ሳሉ።

«አጎቴ፣ ይቺ ሳል ብሳብዎታለች እኮ!» አለች ካትሪዮና።

«ሠላሳ ዓመት በከሰል አቧራ የኖረ ሰው ሳይስል ሊዘፍን ነው እንዴ?»

ልጅቷ ካርቶኑን አነሳችና ጽሑፉን አየች። ሐኪም ያዘዘላቸው ካናቢስ ነው። ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ጣሪያ ተደርምሶ የጎዳው ጀርባቸው እንደ እሳት ሲለበልባቸው የሚወስዱት እሱን ነው።

«በምንድን ነው የሚወስዱት?»

«በአፌ።»

«አጎቴ!»

«በፒፓዬ ነዋ! በማንኪያ ልብላው?»

እዚህ ላይ የሽማግሌውን ጭንቀት ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያች ከተማ በየዓመቱ ሐውልቱ ሥር በጉድጓድ የሞቱት ሰዎች ስም ይነበባል፤ ንባቡ እስኪያልቅ ድረስ ከሥሩ የባለ ከረጢቱ የስኮትላንድ ዋሽንት፣ የባግፓይፕ፣ የለቅሶ ዜማ መቋረጥ የለበትም። ዋሽንቱን አርባ ዓመት የነፉት ራናልድ ናቸው። የሮሪ ስም በመጨረሻው አደጋ ከሞቱት ጋር ስለሆነ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። አምና ሦስት ስም ሲቀር የራናልድ ትንፋሽ አለቀ። የወንድማቸው ስም በባዶ ዝምታ ተነበበ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሐውልቱ በኩል ማለፍ እንኳ ያሳፍራቸው ነበር። ዘንድሮም እንደዚያው ከሆነ ዋሽንቱን ለሌላ ሰው ሊያስረክቡ ወስነዋል፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም።

ካትሪዮና ሳትጋበዝ ተከትላቸው ቤታቸው ገባች። ራናልድ ጥቁር ሻይ ቀዱላት፤ የአጃ ቂጣም አቀረቡ።

«ሐኪሙ ቬፖራይዘር ሰጥቶዎት አልነበረም? ያቺ ቅጠሉን ሳታቃጥል የምታተነው መሣሪያ የታለች?»

«ተበላሽታለች።»

«እስቲ ልያት።»

ራናልድ ከመሳቢያቸው የዓሣ መንጠቆና ሲባጎ እየገፉ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ጥቁር ነገር አወጡ። እኚህ ሰው ደግሞ ነገር መመርመር ይወዳሉ። የከሰል ጉድጓዱ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ወደ ውስጥም እየወረዱ የማዕድን ፋኖስ ነበልባል አይተው ጋዝ መኖሩን የሚያውቁ፣ ፈትተው ያላዩትን ነገር የማያምኑ ናቸው። በዚች መሣሪያ ግን ተረትተዋል።

«እንዴት እንደሚጠቀሙባት ያሳዩኝ» አለች።

ራናልድ ሰንጢያቸውን አውጥተው ቅጠሉን ጎመድ ጎመድ አደረጉት፤ በመዳፋቸው አሽተው፣ ቀዳዳው ውስጥ በአውራ ጣታቸው ጠቀጠቁት። አባታቸው ጡብ የመሰለውን ትምባሆ ለፒፓ የሚያዘጋጀው ልክ እንደዚህ ነበር፤ የከተማዋ ሽማግሌ ሁሉ ከዚህ ሌላ አያውቅም። ከዚያ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው ጉንጫቸው ጎድጉዶ እስኪገናኝ ማጉት። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይኸው! አላልኩሽም?»

ካትሪዮና መሳቅም ማዘንም አማራት። «አጎቴ፣ ማሽኗ ምንም አልሆነች። እርስዎ ፒፓ አደረጓት እንጂ!»

«ጭሱን ሳላየው መድኃኒት መውሰዴን በምን ልወቅ? ጭሱ የሚታየው ሙቀቱን ጨመር ሳደርገው ነው እንጂ መጀመሪያማ ምንም የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ጭሱ እኮ መድኃኒት አይደለም። ጭሱ የተቃጠለ ቅጠል ነው። ሕመምዎን የሚያስታግሰው ነገር ከመቃጠሉ በፊት በሙቀት ብቻ ይተናል።»

«አያቴም አባቴም ያጨሱ ነበር፤ ጭስ ገደላቸው ያለ ሐኪም የለም።»

«ጠየቁት?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሽማግሌም ፒፓውን እንዲሁ ነው። ልጅቷ ግን ክሊኒክ ውስጥ ስንቱን ግትር አይታለችና ሌላ መንገድ ያዘች።

«በሠላሳ ዓመት ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ ስንቴ ክብሪት ጫሩ?»

«አብደሻል?» ብለው ከወንበራቸው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም። «ጋዝ ባለበት! መውረጃው ላይ የሰዉን ኪስ የምፈትሸው እኔ አልነበርኩም? አንዲት ክብሪት ካገኘሁ የገዛ ወንድሜም ቢሆን አላወርደውም ነበር! ስምንት ሰዓት ትምባሆ እናኝካለን እንጂ እሳት የሚባል ነገር...»

«ታዲያ አሁን የእርስዎን ደረት ማን ይፈትሽልዎት?»

ሽማግሌው ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳር እንኳ አልጨመሩበትም ነበር።

«ወይ ጉድ» አሉ በመጨረሻ። «የሮሪ ምላስ ሳይሞት ቀርቷል ለካ። እሺ፣ አሳዪኝ።»

ካትሪዮና የመሣሪያዋን ሆድ በትንሽ ብሩሽ ጠረገች። ቅጠሉን በመፍጫ አድቅቃ ሳትጠቀጥቅ አላላ አድርጋ ሞላች፤ ሙቀቱን መቶ ሰማንያ ዲግሪ ላይ አቆመች። ራናልድ አንገታቸውን አስግገው እያንዳንዷን ነገር ይጠይቃሉ፦ ለምን ደቀቀ? አየሩ በሁሉም በኩል እንዲያልፍ። ለምን አልተጠቀጠቀም? ለዚያው። ለምን መቶ ሰማንያ? እንዲሞቅ እንጂ እንዳይነድ።

ተራቸው ሲደርስ ግን እንደገና በኃይል ማጉ።

«ቀስ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ እቀበራለሁ!»

«አጎቴ፣ ጀማሪ ልጅ ከረጢቱን በአንዴ ሊሞላ ሲነፋ ዋሽንቱ ምን ይላል?»

«እንደሚታረድ አሳማ ይጮሃላ።»

«እርስዎስ ምን ይሉታል?»

«ረጋ በል፣ እኩል አድርገህ...» ብለው አቋረጡ። ጣታቸውን ወደ መሣሪያዋ ቀሰሩ፤ ሳቃቸው መጣ። «እኔ ራሴ ጀማሪ ሆኜ አረፍኩ!»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዋሽንት የለመደው ትንፋሻቸው እያወቀው፣ ረጅምና እኩል አድርገው ሳቡ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደው መስታወቱ ላይ ተነፈሱ። ስስ ጉም ታየችና ጠፋች። ሳል አልመጣም።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። አንድ ሁለቴ ስበው አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ በላይ በላዩ አይጨምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ክሊኒክ መጥተው ሳልዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። አልዋሽዎትም፤ ይቺ ሳንባ አታድስም፤ ትነቱም ቢሆን ጨርሶ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ጭሱን ግን ትቀንስልዎታለች።»

ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ዓሣ አወሩ። ጀርባቸው መላላት ሲጀምር ራናልድ መሣሪያዋን ከፍተው ቅጠሉን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፉት። አመድ የለም። እንደ ተቆላ አጃ ቡናማ ሆኗል እንጂ አልነደደም። መነጽራቸውን አድርገው በመርፌ እያገላበጡ ብዙ አዩት።

«ነበልባሉ አልነካውም» አሉ እንደ ልጅ ተገርመው። «ልክ እንደ ፋኖሳችን፤ ሙቀቱ ይወጣል፣ እሳቱ ታስሮ ይቀራል። ይህን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አንከራከርም ነበር!»

«ፋኖስ በዓይኔ አይቼ ባውቅ ነበራ!»

ራናልድ በማግስቱ ፒፓቸውን ከመንጠቆዎቹ ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፉባት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ያተረፉትን እኔ ልቁጠርላችሁ፦ የጠዋቱ ሳል ጋብ አለ፤ መጋረጃው ጭስ ጭስ ማለቱን ተወ፤ ቅጠሉም ሐኪሙ በወሰነው ልክ ስለሚወሰድ ለወሩ በሙሉ የሚበቃ ሆኖ ታየ። ከሁሉ በላይ፣ በየቀኑ ማታ ጓሮ ወጥተው ዋሽንቱን ሲለማመዱ ሳያቋርጡ የሚነፉበት ጊዜ አንዳንድ ደቂቃ እየረዘመ መጣ። ጎረቤቱ በጆሮው ላይ ትራስ ቢደፋም ማለት ነው። ሰው የአባቶቹን ወግ የሚጠብቀው የአባቶቹን ስህተት በመድገም አይደለም፤ ራናልድ ፒፓውን ባይተዉት ኖሮ ዋሽንቱን ይተዉ ነበር።

የመታሰቢያው ቀን ደረሰ። ራናልድ ሐውልቱ ሥር ከመቆማቸው በፊት ካትሪዮናን ጠሩና ኪሳቸውን ገልብጠው አሳዩዋት።

«ፈትሺኝ።»

«ምን ልፈትሽ?»

«ክብሪት። ሳይፈተሽ የሚወርድ የለም።»

ባዶ ነበር። ካትሪዮና የኮታቸውን አንገት አስተካክላ «ይውረዱ» አለቻቸው።

ንባቡ ተጀመረ፤ ዋሽንቱም ከሥሩ ተነሳ። አሥር ደቂቃ አለፈ። የአምናዋ ቦታ ስትደርስ የራናልድ ፊት ቀላ፤ የዋሽንቱ ድምፅ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ የቆመው ሕዝብ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ካትሪዮና «ቀስ፣ እኩል» አለች ለራሷ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ክርናቸውን ከረጢቱ ላይ ጠበቅ አደረጉ። ሁለት ስሞች አለፉ፤ የመጨረሻው ቀረ።

«ሮሪ ማክኢሳክ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ አንባቢው።

ራናልድ እንባቸው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ነበር፤ ዋሽንቱ ግን አልቆመም።