የአልከድር ሚኒባስና የአማቱ ሰሌን

በኛ ጊዜ፣ መቼም በኛ ጊዜ ስል የጃንሆይን ዘመን እንዳይመስላችሁ፣ አምናና ካቻምናን ነው የምላችሁ፣ እኔ ገና አልሞትኩም፣ እና በኛ ጊዜ የአልከድር ሚኒባስ ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ ስትመለስ አቀበቱ ጫፍ ላይ ፈላች። የሆነው ይሄ ነው። በማግስቱም ፈላች። በሳምንቱም ፈላች። ክረምት ገባ፣ ፈላች፤ ክረምት ወጣ፣ ፈላች። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው፣ ወሬውን ደግሞ አሁን እነግራችኋለሁ።

አልከድርን የማታውቁት ካላችሁ፣ የበርታ ልጅ ነው፣ ረጅም፣ ሰው አክባሪ፣ ሽማግሌ ሲሳፈር ወርዶ በር የሚከፍት ሹፌር። አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው ነው። የኔ በርታኛ ደግሞ፣ ከወሎ በሰፈራ ከመጣሁ ይሄን ሁሉ ዘመን፣ ሰላምታና የሽንኩርት ዋጋ ብቻ ነው፣ ስለዚህ በሱ አማርኛ መሳቅ የሚፈልግ ካለ መጀመሪያ በኔ ይሳቅ። ሚኒባሷ አሮጌ ናት። ምን ያህል አሮጌ ነች ብትሉኝ፣ ከሱ በፊት ከነዷት ሰዎች ግማሾቹ ጡረታ ወጥተዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ ከጡረታም አልፈዋል። ሕዝቡ ስም አውጥቶላታል፣ ማንቆርቆሪያ። እና እኔ ሽንኩርቴን ይዤ ሸርቆሌ ገበያ የምወርደው በማንቆርቆሪያ ነበር። ለምን በሌላ አልሄድክም ትሉኛላችሁ። ለጆንያ ፊቱን የማያጠቁር ሹፌር እሱ ብቻ ነዋ!

ታዲያ እንዴት እንደምትፈላ ልንገራችሁ። አቀበቱን ስትጀምር ደህና ናት። ግማሹ ላይ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ይጀምራል፣ አልከድር መርፌውን አያይም፣ ያላየው ነገር የሌለ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ሽታ ይመጣል፣ የተቃጠለ ጎማም የተቀቀለ ሣርም የሚመስል፣ እና ልክ ጫፉ ላይ ስትደርስ፣ ቡፍ! እንፋሎቱ መስታወቱን ይሸፍነዋል።

"ውረዱ! ውረዱ! ክዳኑን ማንም አይነካም! አብሽሩ፣ ትንሽ ይተነፍሳል እንሄዳለን!" ይላል አልከድር።

እኛ ማን ሊነካው? መጀመሪያ ሰሞን ሰው ይጮህ ነበር፣ ይሳደብ ነበር፣ በኋላ ለመደው። አንዲት ሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ነበረች፣ ከኛ ጋር የምትመላለስ፣ እሷማ ገና ሳትፈላ በፊት ጫማዋን አስራ ትዘጋጃለች። "ዛሬ ደግሞ ቀደመች፣ ርቧት ይሆናል" ትላለች።

እና የት ነው የምንቆመው? ልብ በሉ። አቀበቱ ጫፍ ላይ የአልከድር አማት የሐጃ ሲቲና ዳስ አለ። ሻይ አለ፣ የተቆላ ለውዝ አለ፣ በወቅቱ ማንጎ አለ። ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ምን ያደርጋል? ይበላል። ለውዟ ደግሞ፣ መዋሸት አልፈልግም፣ ለውዟ ጥሩ ነው።

ሐጃ ሲቲና ከዳሷ ወጥታ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንፋሎቱን ታያለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች።

"ወላሂ ይሄ ዓይን ነው" ትላለች። "ልጄ መኪና ገዛ፣ ሰው አየ፣ ዓይን በላው። ሌላ ነገር አይደለም።"

ለዓይኑ ደግሞ መድኃኒት ነበረው። አልከድር መኪናዋን የገዛ ሰሞን አማቱ በገዛ እጇ ሰሌን ሠራችለት፣ ከዘንባባ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለም ያገባችበት፣ ያማረ ሰሌን። "ከፊቱ እሰር" አለችው፣ "ዓይን ፊት ለፊት ነው የሚመጣው።" አልከድርም አሰረ። የፊቱን ፍርግርግ ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። መኪናዋ አፏን በነጠላ የሸፈነች ሙሽራ መሰለች። እነሱ ዘንድ ደግሞ አማች ለአማቱ መልስ አይሰጥም፣ የሰጠችውን አይመልስም፣ ፊቷ ድምፁን ከፍ አያደርግም። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነው እንግዲህ፣ እኛ በአፍ ነው እነሱ ግን ያደርጉታል።

አሁን ወደ ጋራዡ ልውሰዳችሁ። አሶሳ ላይ ግርማ የሚባል መካኒክ አለ፣ የአልከድርን ሚኒባስ ከሚስቱ የበለጠ ያውቃታል። መጀመሪያ አየና "የራዲያተሩ ክዳን ነው" አለ፣ ተቀየረ፣ ፈላች። "ማኒኮቶው ነው፣ ውሃው የሚሄድበት ጎማ ላልቷል" አለ፣ ተቀየረ፣ ፈላች። "የውሃ ፓምፑ ነው" አለ፣ ተቀየረ፣ ፈላች። ቀጥሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ወረወረው። "ይሄ ለደጋ ነው የተሠራው፣ አሶሳ ላይ ማንን ሊያሞቅ ነው?" አለ። ፈላች። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ ማለት ነው፣ ወረደ፣ ተላገ፣ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ አልከድር ያን ሰሞን ፊቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ተገጠመ፣ እና ምን ሆነች? አዎ።

"የወንዝ ውሃ ስለምታጠጣት ነው" አለ ግርማ በመጨረሻ። "ኩላንት ያስፈልጋታል፣ አረንጓዴው።"

አረንጓዴው ገባ። ቀድሞ ነጭ ውሃ ነበር የምትተፋው፣ አሁን አረንጓዴ መትፋት ጀመረች። ለውጥ ነው፣ ለውጥ አይናቅም።

ግርማን ጠየቅሁት። "አንተ፣ እዚህ ግቢህ ውስጥ ስታስነሳት እንዴት አትፈላም?"

"እዚህ ጤነኛ ናት አባባ። መንገድ ላይ ነው የሚብሳት።"

እንዲህ ያለ በሽታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪም ቤት ስትገባ የሚድን፣ ስትወጣ የሚነሳ?

ይሄ ሁሉ ሳቅ ነበር፣ እና አንድ ቀን ሳቁ አለቀ። የሚኒባሶቹ ማኅበር ሊቀመንበር አልከድርን መናኸሪያ ላይ ጠራው፣ እኔም ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

"አልከድር፣ አንተን ማኅበሩ ይወድሃል" አለው። መውደድ ሲያስቀድሙ ፍሩ። "ግን ሕዝቡ አቤት አለ። ሕመምተኛ የያዘ አለ፣ ሰዓት ያለበት አለ። ከእንግዲህ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ካወረድክ ከሸርቆሌ መስመር ትወጣለህ። ተራህን ለሌላ እንሰጣለን።"

አልከድር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "አባ ይመር" አለኝ፣ "መስመር ከሄደ፣ ልጆቼ ምን ይበላል? እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም።"

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ዓይኔን የከፈትኩት። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ወሬ አላምንም፣ የማየውን አምናለሁ። ግርማ ጋራዥ ሄጄ ቁጭ አልኩና አየሁ። ግርማ ሥራ ሲጀምር ሰሌኑን ይፈታል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ያጓራል፣ አይፈላም። ሥራው ሲያልቅ ሰሌኑን እንደ ታቦት መጋረጃ በአክብሮት መልሶ ያስራል። መኪናዋ ትወጣለች፣ አቀበት ትወጣለች፣ ትፈላለች።

"ግርማ" አልኩት፣ "ይሄ ሰሌን ነፋሱን ከለከለው እኮ! ራዲያተሩ ታፍኖ ነው!"

ግርማ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ግራ ቀኝ አየ። "አባባ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ለምን አትነግረውም?"

"የሰው አማት ውስጥ ልግባ? እኔ የምፈታው ብሎን ነው፣ ጋብቻ አይደለም!"

ሰማችሁልኝ? ቴስታታ ማውረድ ቀለለው።

ለአልከድር እኔ ነገርኩት። ደነገጠ። ሞተሩ ነደደ ብለው እንደዚያ አይደነግጥም። "ሰሌኑን ላነሳ? ሐጃ ምን ይላል? ሚስቴ ምን ይላል?" እና ዘዴ አበጀን። ከሸርቆሌ ስንነሳ ሰሌኑን ይፈታል፣ አቀበቱን እንወጣለን፣ ዳሱ ከመድረሳችን በፊት ያለው ጥምዝ ላይ ቆሞ መልሶ ያስረዋል። አደረግነው። ማንቆርቆሪያ አቀበቱን እንደ ፍየል ወጣችው! ነርሷ ጫማዋን አስራ ተዘጋጅታ ቀረች።

አልከድር ዳሱ ጋ ቆሞ ሰላም ሊል ወረደ። ሐጃ ሲቲና ሰላምታውን ተቀበለች፣ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ መዳፏን ሰሌኑ ላይ አሳረፈች።

"ልጄ" አለችው፣ "ሰሌን ዛሬ ለምን ቀዘቀዘ?"

አልከድር ጎንበስ ብሎ ጎማ አየ። እኔ ሽንኩርቴን ቆጠርኩ። ነርሷ ሳሏን ጀመረች።

በሚቀጥለው ጉዟችን ሐጃ ሲቲና ሌላ ሰሌን ይዛ ጠበቀችን፣ ካለፈው የወፈረ፣ ድርብ። "አንዱ ደከመ፣ ይሄን ጨምር" አለች፣ እና ራሷ አሰረችው፣ በራሷ ቋጠሮ። ያንን ቋጠሮ አልከድር በጥርሱም ሞክሮት አልፈታውም፣ በቢላ ቁረጠው ብለው "የአማቴን እጅ ልቁረጥ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ማንቆርቆሪያ ጫፉ ድረስ እንኳ መድረስ አቃታት፣ ግማሽ መንገድ ላይ እንፋሎቷን ለቀቀችው። ከኋላችን ማን ይመጣል? ሊቀመንበሩ፣ በሌላ ሚኒባስ። መስኮቱን አውርዶ አየን፣ ጣቱን ቀስሮ "የመጨረሻህ ነው" አለው፣ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ፣ ነጭ ጋቢዬን ለብሼ፣ አልከድርን አስከትዬ፣ ከተሳፋሪም የቻለው መጣ፣ ነርሷ ጭምር። ሐጃ ሲቲና ፊት ቆሜ አልኩ፦

"ሐጃ፣ ቅሬታ ይዘን መጥተናል። የርስዎ በረካ ያለበት ሰሌን፣ እጅዎ የነካው፣ መኪና ፊት ታስሮ አቧራ ይጠጣ? ትንኝ ይመታው? የላም እበት ይረጭበት? ይሄ ነውር ነው! እኛ ተሳፋሪዎቹ አፈርን። ቦታው ከፍ ያለ ነው። ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ፣ ከሹፌሩ ራስ በላይ ይዘርጋልን።"

"ልክ ነው! ነውር ነው!" አለ ተሳፋሪው።

ሐጃ ሲቲና አየችን። "ዓይንስ? ዓይን ፊት ለፊት ነው የሚመጣው።"

"ዓይን ከላይ አይመጣም? ሰው ፎቅ ላይ ቆሞ አያይም? አሶሳ ላይ ስንት ፎቅ ነው የተሠራው!"

"ልክ ነው! ፎቅ በዝቷል!" አለች ነርሷ፣ አላህ ይስጣት።

ሐጃ ሲቲና እኔን ብቻ ማየት ጀመረች፣ ለረጅም ጊዜ። "አንተ" አለችኝ፣ "ሽንኩርት ነጋዴ ነህ ወይስ ፈቂህ?" የሃይማኖት ሕግ አዋቂ ማለቷ ነው።

"ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ሐጃ።"

"ኸላስ" አለች። "ላይ ይሁን።" ራሷ መጥታ ቋጠሮዋን ፈታችው፣ በሁለት ጣት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንቆርቆሪያ ፈልታ አታውቅም። ሊቀመንበሩ ጠብቆ ጠብቆ ተወው፣ አልከድር ተራውን ይዞ ቀረ፣ ልጆቹም ይበላሉ። ግርማ ጤነኛ መሆኗን ሲሰማ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለ፣ እንደ ሐዘንተኛ። ተሳፋሪው ግን፣ የሰው ነገር፣ ዳሱን አልፈን ስንሄድ "ቁም እንጂ! ለውዙስ?" ማለት ጀመረ። ሳትፈላ ሲቀር ቅር የሚለው ሕዝብ! አልከድርም አሁን እዚያ በደህናው ይቆማል፣ ሊቀመንበሩም የእረፍት ቦታ ነው ብሎ ፈቀደ። እኔ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ኮራሁ። አንድ ባልቴት ያላወቀችውን ነገር ዓይኔን ከፍቼ በማየት ብቻ ፈታሁ ብዬ ለስንት ሰው አወራሁ።

አሁን ባለፈው ዒድ ምን ሆነ መሰላችሁ። ዳሱ ጋ ሻይ ስጠጣ ከኩርሙክ በኩል የመጣ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ጢሙ ነጭ፣ በድሮ ጊዜ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ። ሐጃ ሲቲናን ሲያይ ሳቀ። "ይህን ሴት ታውቃለህ?" አለኝ። "ባሏ፣ አላህ ይርሐመው፣ ጓደኛዬ ነበር፣ እንደኔ ሹፌር። አዲስ ሙሽራ ሆና ጭነት ላይ አብራው ትሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ንፋስ ጆንያ አምጥቶ የመኪናው ፊት ላይ ለጠፈበት፣ ባልየው አላየም። ይሄ ሴት በመስኮት ግማሽ ወጥታ 'አየር! አየር! ሞተሩን አፈንከው!' እያለች ጮኸች። እኛ ሹፌሮቹ ስንት ዓመት ሳቅንበት!"

ቀና ብዬ ሐጃ ሲቲናን አየኋት። ሻዬን እየቀዳች ነበር።

"አንተ ሽንኩርት ይዘህ ገበያ ትሄዳለህ" አለችኝ። "ይሄ ሁሉ ሹፌር ደግሞ ደጄ ላይ ክላክስ አድርጎ ያልፍ ነበር። እኔ ገበያውን ደጄ አመጣሁ። ሱከር ልጨምር?"

"ይጨምሩ" አልኳት። ሌላ ምን ልል ኖሯል?