ቆርቆሮው ላይ የተጫነው ድንጋይ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ብቻ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚኒባስ ስመለስ ነው። ከፊቴ አንዲት እናትና አንድ ጎልማሳ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም፤ ሰውዬው ግንበኛ መሆኑን ግን እጁ ላይ የደረቀው ሲሚንቶ ይናገራል።

«ልጄ ከአዲስ አበባ መጣችብኝ» አሉት እናትየዋ። «እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። እዚያ መሬት ተንቀጥቅጦ ፎቁ ከተወዛወዘ ወዲህ ቤት ውስጥ መተኛት ፈርታለች።»

«እዚህስ?»

«አዲስ የብሎኬት ቤት እያለኝ በረንዳ ላይ ታድራለች።»

«ግድግዳው ብረት አለው?»

«ብረትማ በሩ ነው።»

«ቆርቆሮው ላይስ ድንጋይ አለ?»

«ነፋስ እንዳያነሣው ጭነንበታል።»

«እናቴ፣ ዛሬውኑ ያስወርዱት። ቢነቃነቅ የሚወርደው እሷ ላይ ነው። ቆርቆሮውን በሚስማር ያስመቱት። የድሮው ጭቃ ቤት አልፈረሰም?»

«አለ፤ ጥጆች ገብተውበታል።»

«ምሰሶውን ምስጥ ካልበላው እሱ ይሻላታል። እንጨቱ እርስ በርሱ ተሳስሯል፤ ቢወዛወዝም ቶሎ አይናድም። ምሰሶውን ራሷ ይዛ ትነቅንቀው፤ ያን ጊዜ ታምነዋለች።»

«ልጄ ጥጃ ቤት ትውለድ?»

«ጥጆቹን ያስወጧቸዋላ። እመቤታችንስ የት ወለደች?»

ሴትዮዋ ሳቁ። «አንተ ግንበኛ ነህ ወይስ ቄስ?»

«ግንበኛ ነኝ።»

«ታዲያ እዚህም አገር ይንቀጠቀጣል ትላለህ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል። እሷ ግን እንቅልፍ ያስፈልጋታል።»

እኔ ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ድረስ የራሴን ቆርቆሮ ድንጋዮች በልቤ ስቆጥር ቆየሁ፤ በማግስቱ መሰላል ላይ ወጥቶ አንድ በአንድ ያወረደልኝ ጎረቤቴ ሞላ ነው።