ከመጋረጃው ጀርባ የተቆረጠ ኮት

እስቲ አንባቢ፣ እውነቱን ተናገር፦ የምታውቀውን ሙያ አጠገብህ ያለው ሰው እንዳያይብህ ጀርባህን ሰጥተህ የሠራህበት ቀን የለም? ካለ፣ ይህን ታሪክ አንገትህን ደፍተህ አንብበው። ባለታሪኩንም የምታገኘው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ባለታሪኩ ልብስ ሰፊ ነው። ሠራተኞቹ እሱ በሌለበት «ባለመጋረጃው» ይሉታል። የስፌት መኪኖቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፤ በሱቁ ጀርባ ደግሞ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ጨርቅ የሚቆረጠው ከዚያ ወዲያ ነው፤ የሚቆርጠውም እሱ ብቻ። ትከሻው እንዴት እንደሚወርድ፣ ኮሌታው አንገት ላይ እንዴት እንደሚተኛ በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ጨርቁን በልኩ ከቆረጠ በኋላ ወረቀቱን ብጭቅጭቅ አድርጎ ይጥለዋል። ሠራተኞቹ ተቆርጦ የመጣላቸውን ይገጥማሉ እንጂ መቀሱን ነክተው አያውቁም። እሱ ይህን ጥንቃቄ ይለዋል። ትክክለኛ ስሙ ስስት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ባለመጋረጃው ክሊኒክ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቀኝ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶ። የታመመች ባልደረባዋን ልትጠይቅ የመጣች የእህቱ ልጅ በዚያ ስታልፍ አየችው። የድርጅት አስተዳደር የተማረች፣ በትልቅ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ምነው በደህና?»

«ደህና ነኝ። ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«ሰው ለመጠየቅም ተራ ይያዛል እንዴ?» አለችው፣ በግራ እጁ የያዛትን የተራ ካርድ እያየች።

ካርዷን ሊሸሽግ ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ባያወጣው ይሻለው ነበር። እጁ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«በዚህ እጅ ነው የሚቆርጡት?» አለችው ቀስ ብላ።

«ድምፅሽን ቀንሺ። ሌላ ማን ይቁረጥልኝ?»

«ሠራተኞቹን አስተምረዋቸው ቢሆን እነሱ ይቆርጡ ነበራ።»

«አስተምሬ፣ ነገ ከደጃፌ ፊት ለፊት ሱቅ ሊከፍቱብኝ? እናንተ የተማራችሁት ሰዎች የዋሆች ናችሁ። እኔን ማን አስተማረኝ? የቀጠረኝ ጌታዬ ሲቆርጥ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ እያየሁ ነው የለመድኩት።»

«የዚያ ጌታዎ ሱቅ ዛሬ የት አለ?»

«ሰውየው ሞተ፣ ሱቁም ተዘጋ።»

«ደንበኞቹስ?»

«ወደ እኔ መጡ» አለ ደረቱን ነፍቶ። የተናገረው ነገር የገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው።

ልጅቷ አልሳቀችበትም። «መሥራቹ ሲተኛ ሥራውም አብሮት የሚተኛ ከሆነ፣ ድሮም ድርጅት አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበር። የእኛ ፋብሪካ የመጀመሪያዋ ቆራጭ ጡረታ ወጥታለች፤ የነደፈቻቸው ልኮች ግን ካርቶን ላይ ተቀርጸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ዛሬም ሰው እየተማረባቸው፣ እያሻሻላቸውም ነው።»

«ተይኝ እባክሽ። የእናንተን ኮት ሰው አይለብሰውም፤ እሱ ነው ሰውን የሚለብሰው። ትከሻው እዚህ፣ ሰውየው እዚያ።»

አሁን ሳቀች። «እውነትዎን ነው። ገበያዎን የወሰድንብዎ ግን በዚሁ ኮት ነው። ደንበኛው ዛሬ ሲፈልገው ዛሬ ያገኘዋላ። እርስዎ ጋ ሱቁ በሙሉ እጁን አጣጥፎ መጋረጃው እስኪገለጥ ይጠብቃል። ትከሻ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ያንን ለሰዎችዎ ቢያካፍሉት ኖሮ እኛ በምን አቅማችን እንፎካከርዎ ነበር?»

«ተምረው ጥለውኝ ቢሄዱስ?»

«የሚሄድ ይኖራል፣ ይሂድ። ለሚቀሩት ከትርፉ ድርሻ ይስጧቸው፤ ከራሱ ሱቅ ጋር የሚፎካከር ሰው የለም።» ወደ እሱ ዞረችና፣ «እናቴ ኮሌታቸው እየተጣመመ ኮቶች እየተመለሱብዎ ነው ብላኛለች። ኮሌታ ሰፊዋን ያባረሯት ለዚያ ነው?» አለች።

«ስፌቷ...» ብሎ ጀመረ።

ያ ቀን ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ደንበኞች ቆመው፣ ሠራተኞች ሁሉ እያዩ፣ የተመለሰውን ኮት መኪናዋ ላይ ወርውሮባት ነበር። «ኮሌታ መስፋት ካቃተሽ ቁልፍ ትከይ። የማትረቢ» ብሏት ነበር። ሴትየዋ «እንደተቆረጠልኝ ነው የገጠምኩት» ስትለው «ውጪልኝ» አላት። እጁ መስመር ስቶ እንደቆረጠ ያን ጊዜም ያውቅ ነበር። እያወቀ ነው ያባረራት። እንዲህ ያለ አለቃ በየሱቁና በየቢሮው ሞልቷል፤ የራሱን ድካም በታችኛው ሰው ላይ ደፍቶ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ ይተኛል።

«የእሷ ጥፋት ነበር ጋሼ?»

«አይደለም» አለ።

ተራው ደርሶ ሲገባ ሐኪሙ የነገረው አጭር ነው፤ መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን ያበርደው ይሆናል እንጂ እጁ እንደ ዱሮው ለመቀስ አይታዘዝም። ባለመጋረጃው ከክፍሉ ሲወጣ የእህቱ ልጅ አልሄደችም ነበር።

«መጋረጃውን አወርደዋለሁ» አላት። «የቀረኝ ሙያ በጭንቅላቴ ነው ያለው። እሱም ከመጥፋቱ በፊት።»

አብረው እየሄዱ፣ መጋረጃው ሲወርድ የሚገኘውን ጥቅም ዘረዘረችለት። እሱ ቆሞ እየመራ እነሱ ይቆርጣሉ፤ ልኮቹ በካርቶን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተካል፤ ደንበኛ ተመላልሶ አይንገላታም። ወጣቶቹ እሱ የማያውቀውን አዲስ አቆራረጥ ሲያመጡ ሱቁ ከጊዜው ጋር ይራመዳል። እሱም ሳይሞት ሥራው ሲቀጥል ለማየት ይበቃል። ይህ ሁሉ በእጁ ላይ የነበረ ሀብት ነው፤ በመጋረጃ ጋርዶ ያበላሸው።

ኮሌታ ሰፊዋ ከገበያው ጀርባ በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ያረጀ ሱሪ ትጠግን ነበር። ባለመጋረጃው በዚያው ዕለት መጥቶ ደፉ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተመለሽልኝ» አላት፣ ጎረቤት እንዳይሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አቆራረጡን ከሁሉም በፊት ላንቺ አሳይሻለሁ። ድርሻም ይኖርሻል። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ሴትየዋ መኪናዋን አቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«መቀሱን ቢያስይዙኝ ደስ ይለኛል ጋሼ። ይቅርታዎን ግን እዚህ ጓዳ ውስጥ ማን ሰማው? ያዋረዱኝ ሱቁ ሙሉ ሆኖ ነው። እጇ አይረባም ተብሎ ከዚያ ወዲህ አዲስ ጨርቅ የሚሰጠኝ ጠፋ፤ ይኸው አሮጌ እጠግናለሁ። ነገ ደንበኛው በሚበዛበት ሰዓት እመጣና መሀል ላይ ቆሜ እጠይቅዎታለሁ። እርስዎም ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው ይመልሱልኝ፦ ኮሌታዎቹን ያበላሸው የማን እጅ ነው?»