የአማንካያን ጸጉር ማን ይቁረጥ

ጡረታ የወጣ ሰው ረቡዕ ጠዋት ክራቫት ካሰረ፣ ወይ ቀብር አለበት ወይ ደጅ ሊጠና ነው። ጎረቤቴን ዶን ቴኦፊሎ ሱሪታን ከሳልቴኛ ሻጯ ፊት ያገኘኋቸው ቀን ደግሞ በከተማችን በኮቻባምባ የምናውቀው ሰው አልሞተም ነበር። ሳልቴኛ የሚባለው የሥጋ ሳምቡሳ ትኩስ መረቅ እንዳይንጠባጠብበት ክራቫታቸውን በትከሻቸው ወደ ኋላ ወርውረው፣ ጎንበስ ብለው ይበላሉ።

«እንዴት አደሩ ዶን ቴኦፊሎ?»

«ማን ላከህ?» አሉኝ።

«ማንም። ርቦኝ ነው።»

«የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከወንዙ ማዶ ነው። ረሃብ ወንዝ አያሻግርም። ይሁን፣ ብላ።»

አይፈረድባቸውም። ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ሲለኩ ኖረዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን አጥሩን ወደ ጎረቤቱ ያልገፋ ሰው አላጋጠማቸውም። ስለዚህ ሰው ሰላም ሲላቸው እጁን ከመጨበጣቸው በፊት ወሰናቸውን በዓይናቸው ይፈትሻሉ።

ምስጢራቸውን ግን ሁለተኛውን ሳልቴኛ ሳይጨርሱ አወጡት። ልጃቸው ኒዬቬስ ስሙን በማልጠራው የውሃ መሥሪያ ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የላቦራቶሪው ኃላፊነት ክፍት ሆኖ አምስት ሰው ተወዳድሯል፤ ዓርብ ውጤቱ ይነገራል። እሁድ ደግሞ የኒዬቬስ ልጅ፣ ሁለት ዓመት የሞላት አማንካያ፣ የመጀመሪያ ጸጉሯ የሚቆረጥበት የሩቱቻ ድግስ ነው። መቀሱን ቀድሞ የሚያነሳው ሰው ለዚያ ቤት ዕድሜ ልኩን አበልጅ ይሆናል። ዶን ቴኦፊሎም ሥራ አስኪያጁን ኢንጂነር አርኔስን ሊጋብዙ መንገድ ላይ ናቸው።

«አባዬ! ክራቫቱ ምንድን ነው?»

ኒዬቬስ ነበረች፤ ለሥራ ባልደረቦቿ ሳልቴኛ ልትገዛ መጥታ።

«የልጅሽን ጸጉር ኢንጂነሩ ይቆርጣል» አሉ ዶን ቴኦፊሎ ሳያፍሩ። «አበልጁን የሚጥል ሰው በዚህ አገር ገና አልተወለደም።»

«ለዶኛ ሰቬሪና ነግሬአታለሁ እኮ።»

«ለቧንቧ ሻጯ? እሷ ምን ልትሾምሽ? የቧንቧ ክርን?»

«ወዳጄ ናት።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ! ሦስት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ ከእናንተ ጋር ኳስ ስትማታ አንድ ነገር ለምናሽ ታውቃለች? አታውቅም። የሚለምን ሰው ልኩ ይታወቃል። የማይለምን ሰው አጥሩን በስንት ክንድ እንደሚገፋ በምን ታውቂያለሽ?»

ሐሙስ ሐሙስ የተባለው ዋሊ ነው፤ በአራት ግድግዳ መሀል የሚጫወቱት መረብ ኳስ። ነርስ፣ ሹፌር፣ መምህርት፣ ጉድጓድ ቆፋሪና ቧንቧ ሻጭ ይሰበሰቡበታል።

«እዚያ የምሄደው ደስ ስለሚለኝ ነው፣ አባዬ» አለች ኒዬቬስ። «ስለ ሥራ ያወራ ሰው ለሁሉም የቺቻ ጠላ ይግዛ ብለን ደንብ አውጥተናል።»

«ደስታ! በወር ስንት ይከፍላል?»

«አንተ ሠላሳ አራት ዓመት ያለ ደስታ ሠራህ። ጡረታ በወጣህ ማግስት የሚጠራህ ሰው ነበረ?»

ዶን ቴኦፊሎ ክራቫታቸውን ወደ ፊት መለሱ።  ከዚያ ክንዴን ያዙና «አንተ የተማርክ ነህ፤ ና ምስክር ትሆናለህ» ብለው ጎተቱኝ።

የሥራ አስኪያጁ እንግዳ መቀበያ ክፍል ገብተን ስናይ ክራቫት ያሰሩ ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ጠየቀች፦

«ክርስትና ነው፣ ጸጉር ነው፣ ምርቃት ነው ወይስ የኳስ ቡድን ማልያ?»

«ጸ... ጸጉር» አሉ ዶን ቴኦፊሎ።

«የዚህ እሁድ ሞልቷል። ከሰባት ሳምንት በኋላ ባለው እሁድ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ቦታ አለ። መቀሱ ተስሎ ይጠብቅ፤ ኢንጂነሩ አይቀመጡም።»

«ዶን ቴኦፊሎ! እርስዎም?» አለ ከተሰለፉት አንዱ። ለቦታው ከኒዬቬስ ጋር የሚወዳደረው ሮሙሎ ነበር። «እኔ እንኳ ድሮም አበልጁ ነኝ፤ ሦስቱን ልጆቼን ክርስትና አንስቶልኛል። ዛሬ የመጣሁት መኪናዬን እንዲመርቅልኝ ነው።»

«ሌሎቹ ተወዳዳሪዎችስ?»

«ከኒዬቬስ በቀር አራታችንም አበልጆቹ ነን!» አለ ሮሙሎ በኩራት። ከዚያ ኩራቱ ትንሽ ቀነሰ። «እውነቱን ለመናገር የልጆቼን ስም አያውቅም። ሁሉንም ‹ትንሹ ጓደኛዬ› ነው የሚላቸው፤ ሴቷንም።»

 ስንወጣ ዶን ቴኦፊሎ ደረጃው ላይ ቆሙና፣ «አንድ መሬት ለአራት ሰው የሸጠ!» አሉኝ። «እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሰው በቀጥታ እስር ቤት ነበር የምንልከው።»

ተለወጡ ብዬ ደስ ሳይለኝ አልቀረም። ነገር ግን የተማረ ሰው ችግሩ ይሄው ነው፤ አንድ በር ሲዘጋ ያየ ሽማግሌ ሁሉ ወዲያው በሌላው የሚገባ ይመስለዋል። ማታ እራት ላይ ጠርተውኝ ስሄድ ጥርጣሬያቸውን እንደ አዲስ ስለውት አገኘኋቸው።

«እሺ፣ አርኔስ አጭበርባሪ ነው» አሉ። «ይህ ግን ሰቬሪናን ጻድቅ አያደርጋትም። አንቺም ኒዬቬስ፣ ከአርኔስ በምን ትለያለሽ? እሱ በጸጉር ሰው ይሰበስባል፣ አንቺ በኳስ።»

ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔ ራሴ አንዳንድ ምሩቅ ጓደኞቼ ለቅሶ ቤት የስም ካርድ ሲያድሉ አይቻለሁ።

ኒዬቬስ ሹካዋን አስቀመጠች። «በዚህ ነው የምለየው፣ አባዬ። እኔ ስማቸውን አውቃለሁ። የነርሷ ልጅ ኬሚስትሪ ሲከብደው አስጠናሁት። የጉድጓድ ቆፋሪውን ውሃ ቅዳሜ ቅዳሜ መረመርኩለት። አንድ ቀን ይከፍሉኛል ብዬ አልነበረም፤ ወድጃቸው ነው። አማንካያ ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ ከመሥሪያ ቤቴ ማን መጣ?»

«አበባ ልከዋል።»

«ካርዱ ላይ ‹ነፍስ ይማር› የሚል ጽፈው! ሰቬሪና ግን ሱቋን ዘግታ አራት ቀን ከጎኔ ተቀመጠች። አንተ ኮሪደሩ ላይ ‹ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?› ትለኝ ነበር።»

ዶን ቴኦፊሎ ሳቃቸውን በሾርባው ደበቁት። «እና ሥራሽስ? መውደድ ያሾማል?»

«አያሾምም። ያስተዋውቃል። ሥራዬን ያላየ ሰው በምን ይመስክርልኝ? ያየው ደግሞ ሳልለምነው ይናገራል። አንተ ግን አንድ ምሰሶ ብቻ ታቆምና ቤቱን በሙሉ እሱ ላይ ትጭናለህ። ቦታውን ባላገኝስ ደግሞ፣ ሐሙስ ይቀርብኛል? ልጄ ትቀርብኛለች? እኔ ማለት መሥሪያ ቤቱ አይደለሁም፣ አባዬ።»

ዓርብ ውጤቱ ተለጠፈ። ቦታው ጭራሽ ላልተወዳደረው ለኢንጂነር አርኔስ የእህት ልጅ ተሰጠ። አራቱ አበልጆች አንዱ የሌላውን ዓይን እየሸሸ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሮሙሎ፣ ነገሩን የነገረኝ ሰው እንዳለው፣ የተመረቀ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አንድ ሰዓት አለቀሰ፤ የሚደውልለት አንድ ጓደኛ አልነበረውም።

ኒዬቬስም አዘነች። ምንም አልመሰላትም ብዬ አልዋሻችሁም። ወጥ ቤት ገብታ አንድ ሰሃን ሰበረች። ቀጥላ ግን ከአባቷ የደበቀችውን ነገር አወጣች፦ የደቡብ ሰፈሮች የጉድጓድ ውሃ ማኅበር ትንሽ ላቦራቶሪ እንድታቋቁምለት ከለመናት ስድስት ወር ሆኖታል። ስሟን የነገረቻቸው ሰቬሪና ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሠራችው ያመኗት ግን እነሱ ራሳቸው ናቸው። አሁን ልትቀበለው ነው፤ ሥራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚያልቅ ለልጇ ጊዜ ይተርፋታል።

«ስድስት ወር! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ላካቸው ትለኛለህ ብዬ።»

«ማን ላካቸው?» አሉ ወዲያው፤ ከዚያ ራሳቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ። በማግስቱ ሰቬሪና ሱቅ ሄደው ለእሁድ በአንደበታቸው ጋበዟት።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ ክራቫታችሁን ከማሰራችሁ በፊት ይህን አስቡ። ሰውን ማወቅ መልካም ነው፤ ሥራ የሚገኘውም የሚሻሻለውም በሰው ነው። ነገር ግን በችግሩ ጊዜ ያልደረስንለትን፣ የልጁን ስም ያልጠየቅነውን ሰው አወቅነው አንበል፤ ተሰለፍንለት እንበል። ከሥራ ውጭ ደስ የሚለው ነገር ያለው ሰው ሹመት ሲያመልጠው ሰሃን ይሰብራል እንጂ ራሱ አይሰበርም። ልጆቹም ያውቁታል። ሲያረጅም በሩን የሚያንኳኳ አያጣም።

እሁድ ግቢው ሞላ። ዶኛ ሰቬሪና ቧንቧ ባጠነከረው እጇ የአማንካያን ጸጉር በቀስታ ከፈለችና የመጀመሪያዋን ቁንጮ ቆረጠች። ሕፃኗ አላለቀሰችም። እንግዳው አጨበጨበ። ዶን ቴኦፊሎ ግን ወደ ሰቬሪና ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ።

«እንግዲህ አበልጅ ሆነናል። አሁን እውነቱን ንገሪኝ። ከእኛ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አንድ ነገር እፈልጋለሁ፣ አበልጄ» አለች።

ዶን ቴኦፊሎ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው «አላልኩህም?» አሉኝ።

«ሐሙስ ሐሙስ ዳኛ የለንም። ኳሱ መስመር ነካ አልነካ እያልን ነርሷም ሹፌሩም ይዋሻሉ፤ እኔም እዋሻለሁ። ማንንም፣ ፈጽሞ ማንንም የማያምን ሰው ቸግሮናል።»

ዶን ቴኦፊሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ኒዬቬስ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «ሜዳው በትክክል ተለክቷል?»