የአስራ ሰባት ቁጥር ማሊያ

እሺ፣ እሺ፣ ወንበር መጎተቱን ተዉትና ስሙኝ። ማጠቢያዎቹ ጠፍተዋል፣ ማድረቂያዎቹም ጠፍተዋል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ሳልጮህ የምሰማበት ቀን ዛሬ ብቻ ነው። ንግግሬ ቢዘበራረቅ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ደንግጬ ነው። ቅድም እዚህ በር ላይ አንድ ነገር ሰምቼ ክው ብያለሁ፤ ልቤ እስካሁን ወደ ቦታው አልተመለሰም። እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ለጋሼ ካፒቴን የጡረታ ሽኝት ትናንት ያዘጋጀሁትን ልናገር፤ አለዚያ ነገሩን ከጅራቱ እጀምርና ሁላችንም ግራ እንጋባለን።

ጋሼ ካፒቴን ወደዚህ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የመጡበትን ቀን የምናስታውስ እኔና የቦይለሩ ባለሙያ ብቻ ቀርተናል። ያን ጊዜ ካፒቴን አልነበሩም፤ አዲስ ጫማ ያደረጉ አዲስ ሠራተኛ ነበሩ። ጥፋቱ የጫማው ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የትልቁ ማጠቢያ ቱቦ ፈንድቶ ወለሉ በሳሙና አረፋ ተሞልቷል። እሳቸው በሩን ከፍተው "እንደምን አደራችሁ" አሉ። "እንደምን" ያሉት በሩ ጋ ነው፤ "አደራችሁ" ያሉት ማድረቂያው ጋ። ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ የምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ፣ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ተንሸራተው አንሶላ የሞላበት ጋሪ ውስጥ በግንባራቸው ገቡ። የዚያን ጊዜዋ ኃላፊያችን ከቢሮዋ ብቅ ብላ፣ "አዲሱ ሠራተኛ ገባ እንዴ?" አለች። እኔም፣ "ገብቷል፤ ግን ጋሪ ውስጥ ነው" አልኳት።

ጋሼ፣ አይሳቁ፤ ዛሬ የሚስቁት እርስዎ አይደሉም።

ሆኪው የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሻይ ክፍላችን ቴሌቪዥን ሪሞቱ ጠፋ። የቦይለሩ ባለሙያ፣ ወደ ጣሪያ አትመልከት፤ እስከዛሬ አንተን ነው የምጠረጥረው። ቴሌቪዥኑ አንድ የስፖርት ጣቢያ ላይ ተቸክሎ ቀረ፤ ጣቢያው ደሞ ያን ሰሞን ከበረዶ ሆኪ ሌላ የሚያሳየው የለም። እኛ ፊታችንን አዞርን። ዱላ ይዞ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ከግድግዳ ጋር የሚላተም ሰው ለኛ ምን ያደርግልናል? ኳሷ እንኳ ኳስ አይደለችም፤ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ የምታክል ጥቁር ጎማ ናት። ጋሼ ግን ሻያቸው እስኪቀዘቅዝ አፍጥጠው ያያሉ። አንድ ቀን ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"አያችሁ?"

"ምኑን?"

"ከሁሉም የሚበልጠው ተጫዋች እሱ ነው። ገብቶ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወጥቶ ተቀመጠ!"

"ደክሞት ይሆናላ።"

"ሳይደክመው በፊት ነው እንጂ የወጣው! ለዚህ እኮ ነው ፀጉሩ እስኪሸብት የሚጫወተው። እናንተ ግን መተኮሻው ፊት ጠዋት ከቆማችሁ እስከ ምሳ ንቅንቅ የለም።"

በማግስቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ከየት እንዳመጡት ሳይታወቅ ግድግዳው ጋ ተቀምጦ አገኘነው። ከዚያ ወዲያ ትልቁ መተኮሻ ፊት ደርቆ የሚቆም ሰው የለም። ጋሼ "ቅያሪ!" ብለው ሲጮኹ የቆመው ይቀመጣል፣ የተቀመጠው ዘሎ ይገባል፣ አንሶላው አይቋረጥም። ኃላፊያችን መጀመሪያ ያየች ቀን "ሰው በሥራ ሰዓት ለምንድነው የተቀመጠው?" ብላ ልታብድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን የሚቃጠል አንሶላ ጠፋ፣ "ወገቤን" የሚልም ጠፋ፤ እሷም ራሷ "ካፒቴን" ትላቸው ጀመር።

ከሥራ በፊት ደሞ ያ ስፖርት አለ። ኧረ ያ ስፖርት! የመወልወያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ ቁጭ ብድግ። የእንጨቱን እጀታ በነጭ የጨርቅ ፕላስተር ጠቅልለው ነው የሚያድሉን፤ የሆኪ ተጫዋቾች ዱላቸውን እንዲህ ይጠቀልላሉ ይላሉ። ዙሪያውን እንደ ገመድ ጠመዝማዛ፣ ጫፉ ላይ ደሞ የቡጢ ያህል ያበጠ። ይቺን ጥቅልል አስታውሱልኝ፤ መዘዟ ኋላ ይመጣል።

ለሰነፈ ሁሉ የሚነገር የተጫዋች ታሪክ አላቸው። እኔ አንድ ቀን "ጥርሴን አሞኛል፤ ዛሬ ልቅር" አልኳቸው። "ጥርስ?" አሉኝ፣ "ታላላቆቹ የፊት ጥርስ መች አላቸው! ጥርሳቸው በረዶው ላይ ረግፎ ጨዋታውን ይጨርሳሉ።" ደነገጥኩና ጉንጬን ይዤ ቁጭ ብድጌን ሠራሁ። የቦይለሩ ባለሙያ "እኔስ አርጅቻለሁ" ቢላቸው፣ "ከገዛ ልጁ ጋር አንድ ቡድን ውስጥ የተሰለፈ አለ!" አሉት። እሱም፣ "የኔ ልጅ ከኔ ጋር አንድ ሶፋ ላይ መቀመጥ እንኳ አይፈልግም" ብሎ ተነሳ። ግን ሠራ።

ከሁሉም በላይ ግን አስራ ሰባት ቁጥር ነበር። አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ። አስራ ሰባት ተከላካይ ነው። ጨዋታ መሃል ወደቀና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ሐኪሞቹም "ከእንግዲህ ጫማህን ስቀል" አሉት። ጋሼ በየጠዋቱ ወሬውን ይዘውልን ይመጣሉ። "ዛሬ አስራ ሰባት ያለ ድጋፍ ተቀመጠ።" "ዛሬ የጫማውን ክር በአንድ እጁ አሠረ።" "ዛሬ ተናዶ አሰልጣኙ ላይ ብርጭቆ ወረወረ።" እኛም "ይበለው አሰልጣኙን!" እያልን በመወልወያችን ወለሉን እንደበድባለን። ቡድኑ የትኛው እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ "ትንሽ ቡድን ነው፤ በቴሌቪዥን አይታይም" ይሉናል። እንዲህ እያልን ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። የተጫዋችን የጫማ ክር በየቀኑ የሚዘግበው የትኛው ጋዜጣ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ከመካከላችን ጠፋ! አሁን ሳስበው በራሳችን ደንግጬ አልጨርስም።

የኔ ወገብ የተያዘ ጊዜ ታስታውሳላችሁ። አልጋ ላይ ውዬ፣ ሥራውን ልለቅ ወስኜ፣ ከሰው ጋር መነጋገር አስጠልቶኝ ነበር። ጋሼ ቤቴ ድረስ መጡና "በርቺ" እንኳ ሳይሉኝ፣ "አስራ ሰባት ዛሬ ከአልጋው ጠርዝ እስከ መስኮቱ ሄደ" ብለውኝ ወጡ። እኔስ መስኮት የለኝም እንዴ? ተነሳሁ። እያለቀስኩ፣ እየተሳደብኩም ቢሆን ተነሳሁ።

አንድ ጠዋት ደሞ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። "አስራ ሰባት ልምምድ በቃኝ ብሏል" አሉ። ይሄኔ የቦይለሩ ባለሙያ በገነ። "እንግዲያው ማሊያውን ያውልቃ! ለሚችል ሰው ይስጥ!" አለ። የጋሼ ፊት አመድ መሰለ። በማግስቱ ግን ከበሩ እየጮሁ ገቡ፣ "ደረጃውን ወጣ! አስራ ሰባት ደረጃውን ወጣ!" አንዱ "በረዶ ላይ ደረጃ አለ እንዴ?" ቢል ማን ይስማው፤ ጋሪ እየደበደብን ጨፈርን።

እንግዲህ ስጦታው ከዚህ መጣ። የአስራ ሰባትን ማሊያ ልንገዛላቸው ተስማማንና እኔ የስፖርት ዕቃ መደብር ሄድኩ። "አስራ ሰባት ቁጥር፣ ተከላካይ፣ ግራ ጎኑን የታመመው" አልኩት ሻጩን። "የየትኛው ቡድን?" አለኝ። "የትንሽ ቡድን" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወንበር አቀረበልኝ፤ አሞኛል ብሎ ነው። ስለዚህ የልብስ ስፌት ክፍሎቹ ከአረንጓዴ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ሰፉት፤ ይኸው እዚህ ካርቶን ውስጥ ነው። የኔ ንግግር "ጋሼ፣ የጀግናዎ ማሊያ ይኸውልዎ" ብሎ ነበር የሚያልቀው። ታጨበጭቡ ነበር፣ ኬክ እንቆርስ ነበር፣ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ቅድም ግን በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል የጋሼ ባለቤት መጡ። እስከዛሬ አይተናቸው አናውቅም። የምናውቀው ጋሼ አንዴ "ባለቤቴን ትንሽ አሟት ነበር" ያሉትን ብቻ ነው። ግራጫ ካፖርት ለብሰው፣ ቀስ እያሉ፣ በከዘራ። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ "ተይኝ ልጄ፣ እችላለሁ" አሉኝ። ዓይኔ ከዘራው ላይ አረፈ። ነጭ የጨርቅ ፕላስተር፤ እንደ ገመድ ጠመዝማዛ፣ ጫፉ ላይ ያበጠ። ሳቄ መጣና፣ "እትዬ፣ እርስዎንም በሆኪ ለከፉዎት?" አልኳቸው።

በአንድ ጎን አፋቸው ፈገግ አሉ። "እኔን? እኔ እኮ አስራ ሰባት ነኝ።"

"ምን አሉኝ?"

"አስራ ሰባት። እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ፣ ያኔ የተኛሁበት አልጋ አስራ ሰባት ነበር። አንቺ የማድረቂያዋ ነሽ አይደል? እሱ ድምፅሽን ሲያስመስል ነው የማውቅሽ። ያ የቦይለሩ ሰውዬ የታለ? 'ማሊያውን ያውልቅ' ያለው? እሱን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

 የቦይለሩ ባለሙያ፣ ተቀመጥ፤ በሩን ቆልፌዋለሁ።

ገባችሁ? አስራ ሰባት የሚባል ተጫዋች የለም። ስትሮክ የመታቸው እሳቸው ናቸው። ከኛ ራስ በላይ ተኝተው ነበር፤ አንሶላቸው በዚያ ጋሪ ወደኛ ይወርድ ነበር፤ አጥበነዋል፣ አድርቀነዋል። ጋሼ፣ እርስዎም መተኮሻው ፊት ቆመው ተኩሰውታል፣ ከዚያ ዞር ብለው "ቅያሪ!" ብለው ጮኸዋል። አንድ ቀን እንኳ አላወቅንብዎትም። ከዚህ በላይ ምን ያስደነግጣል?

"ለምን ደበቁን?" አልኳቸው እትዬን። "እኔ ነኝ ያልኩት" አሉኝ። "ከንፈር እንዲመጠጥልኝ አልፈለግሁም። 'ለማንም ትንፍሽ እንዳትል' አልኩት። እሱ ደግሞ ወሬ ሳያወራ መዋል አይችልም፤ ተጫዋች አደረገኝ።" ማታ ማታ ታዲያ "ዛሬ ምን አሉ?" ብለው ይጠይቋቸዋል። ጋሼም የሁላችንንም ድምፅ እያስመሰሉ፣ በማንኪያ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ጩኸታችንን ያሰሟቸዋል። "ያውልቅ የተባልኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም" አሉኝ። "ደረጃውን የወጣሁት በእልህ ነው።"

እኔ በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆኜ፣ "ታዲያ ዛሬ ለምን ነገሩኝ?" አልኳቸው። ፈገግታቸው ጠፋ። "እሱ ጡረታ ወጣ፤ እኔ ግን ገና ነኝ" አሉኝ። "ይቺ እጄ ገና ናት። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ምን ይዞልኝ ይገባል? ማን ይጮህልኛል?"

ይኸው፣ የደነገጥኩት ይኼን ሰምቼ ነው። ያዘጋጀሁት ንግግር ገደል ገባ።

ጋሼ ካፒቴን፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ መጀመሪያ ተናድጄብዎት ነበር። እንዲህ ያለ ሸክም ይዘው እየገቡ የኔን ጥርስ ሲያስታምሙ! ኋላ ግን ገባኝ። እኛ የሚያበረቱን እርስዎ ብቻ መስለውን ነበር፤ ለካ እኛም ሳናውቀው ሰው ስናበረታ ኖረናል። እዚህ እንፋሎት ውስጥ፣ ማንም በማያየን ቦታ፣ ጩኸታችን ለሰው ደርሷል። ወገባችን ስላልተሰበረ እናመሰግንዎታለን። አግዳሚውን ስላመጡልን እናመሰግንዎታለን። ስለ መስኮቱ እኔ ለብቻዬ አመሰግንዎታለሁ። በጣም እንወድዎታለን።

እትዬ፣ የጠየቁኝን ደሞ ሰው ፊት ልመልስልዎ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከሥራ በፊት እዚሁ ይመጣሉ፤ ጋሼ ያመጡዎታል፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። አግዳሚው ላይ ቦታ አለ፤ መወልወያ እንጨትም ሞልቷል። ጩኸቱን በወሬ ሳይሆን በጆሮዎ ይሰሙታል። ኃላፊያችን፣ ይቻላል አይደል? ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ ሁላችሁም አይታችኋል።

ማሊያው የተሰፋው በጋሼ ትከሻ ልክ ነው፤ እትዬን ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል። ይሁን። የቦይለሩ ባለሙያ፣ ና እስቲ። ያውልቅ ያልከው አንተ ነህ፤ የምታለብሳቸውም አንተ ነህ። ቀስ በል፣ ግራ እጃቸውን መጀመሪያ አስገባ። እንደሱ።

አሁን ብርጭቆ አንሱ። ሻይም ይሁን ለስላሳ፣ አንሱ። ጋሼ ካፒቴን፣ እንቅልፍዎ የጠገበ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ ጫማዎ የማያንሸራትት ይሁን። የቤታችሁ ሳቅ አይቋረጥ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን።

ቆይ፣ ቆይ፣ አትጠጡ። እትዬ ሊነሱ ነው። ማንም እንዳይደግፋቸው! ጋሼ፣ እጅዎን ይሰብስቡ። ከዘራውንም አስቀመጡት... ኧረ ጉድ... ቆሙ! ቆሙ እኮ!

ጋሼ፣ ስንት ዓመት የጮሁብንን ዛሬ እኛ እንጮህብዎታለን። እርስዎ ይቀመጡ፤ ተራው የእሳቸው ነው። ሁላችሁም፣ በአንድ ላይ፦

ቅያሪ!