ሬሳ ሆና የተወነችው እናት

ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወጣው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ አጠገባቸው ያለውን ወጣት አወቁት።

«ያንን አስፈሪ ፊልም የሠራኸው አንተ አይደለህ? ትናንት ስታሳየው እዚያ ነበርኩ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ከፊልሙ በኋላ በነበረው ውይይት ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲሰድብህ ዝም አልክ።»

«ምን ልበል? ሬሳ ሆኖ የሚተኛልኝ ጠፋ። ሁሉም ሟርት ነው ብሎ እምቢ አለ።»

«እናትህን አስተኛሃ!»

«ራሷ ናት እኔ እተኛልሃለሁ ያለችው። የእድሩንም ድንኳን ለምና ያስተከለችልኝ እሷ ናት።»

«ከዚያስ?»

«በወሩ አረፈች። ያው ድንኳን እንደገና ተተከለ።»

«ውይ! ታዲያ አሁንም ለሰው የምታሳየው ለምንድን ነው?»

«ፊልሙ ላይ እኮ መጨረሻ ላይ ትነሳለች፣ እትዬ።»

ሰው እየሳቀ የሚቀባበለውን፣ እናቱ በፊልሙ ከቃሬዛው ስትነሳ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሽሮ ሜዳ ሳንደርስ ከስልኬ አጠፋሁት።