«ባይፖላር» ያልከው ወንድሜን ነው

በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከዌስትውድ ሰፈር ወደ ፌርፋክስ በሚወስደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች፣ አንዲት ልጅና አንድ ወጣት፣ በአማርኛ ይጨቃጨቃሉ።

«ወንድሜን ሰው ፊት ባይፖላር አልከው!»

«ስድብ አይደለም እኮ። ፕሮፌሰራችን ሁሌ ይለዋል። ዓለም ባይፖላር ናት፤ አንዱ ጫፍ አሜሪካ፣ ሌላው ጫፍ ሩሲያ።»

«ሶ? ወንድሜ አሜሪካ ነው ወይስ ሩሲያ?»

«ሁለት ተቃራኒ ጫፍ ለማለት ነው። አንዴ ይስቃል፣ አንዴ ይኮሳተራል...»

«ይኮሳተራል? ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ይከርምና በሚቀጥለው ሳምንት ፊቱን ለመታጠብ እንኳ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ሐኪሙ ራሱ ይህን የበሽታውን ስም የነገረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።»

«መታመሙን መቼ አወቅኩ?»

«አትዋሽ! ሆስፒታል ድራይቭ አድርገህ የወሰድከን አንተ ነህ። ሐኪሙ ያለኝንም መኪናህ ውስጥ እያለቀስኩ ነግሬሃለሁ።»

«ቀልድ መስሎኝ ነው። እሱም ስቋል።»

«ሰው ፊት ምን ያድርግ? ቤት ስንገባ ‹ማን ነገረው?› አለኝ። ምን ልበለው? እኔ ነኝ ልበለው?»

«ኦኬ፣ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

«በስልክ አይሆንም! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሳቁት ሁሉ ባሉበት።»

«ሰው ፊት?»

«አዎ፣ ሰው ፊት!»

የመውረጃውን ደወል ገመድ ስባ ተነሳች፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ተከትሏት ወረደ።

እኔ ኪሴ ውስጥ የነበረውን፣ ለዚያው ሕመም የምወስደውን የክኒን ብልቃጥ እንዳይንኳኳ በመዳፌ ጨብጬ፣ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ በመስኮት አየኋት።